ዘፈኑ የዶሊ፣ ድምፁ የዊትኒ

ባለፈው እትም ስለ አሜሪካዊቷ የካንትሪ ድምፃዊት ዶሊ ፓርተን ያወጣነው አጭር ጽሑፍ ከጠበቅነው በላይ ጥያቄ አስከትሏል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን፣ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረን መልሱን እነሆ። የኛ አቆጣጠር ነው ካላልን በቀር ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» የዊትኒ ሂውስተን ነው ብዬ ከጓደኛዬ ጋር ተወራርጄ ተበላሁ። አሁንም ግን አልገባኝም። ዊትኒ ዘፍናው ዓለምን ያዳረሰ ዘፈን ለዶሊ ምን አስገኘላት? (ከአዳማ)

መልስ፦ ውርርዱን በሕጉ ነው የተበሉት። ግጥሙም ዜማውም የዶሊ ነው። በጁን 1973 ናሽቪል ውስጥ ቀረጸችው፤ በ1974 ወጥቶ በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። በ1982 ራሷ ለተወነችበት ፊልም እንደገና ስትዘፍነው፣ ያው ዘፈን በዚያው ድምፅ ዳግመኛ አንደኛ ወጣ። ዊትኒ በ1992 ለሌላ ፊልም ስትዘፍነው ደግሞ በአሜሪካ አጠቃላይ ሰንጠረዥ ላይ 14 ሳምንት ከላይ አልወርድ አለ።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ አንድ ዘፈን ሁለት ንብረት መሆኑን ይያዙልን። አንዱ ግጥምና ዜማው ነው፤ ሌላው ቀረጻው። የዊትኒ ቀረጻ የእሷና የካምፓኒዋ ነው፤ በውስጡ ያለው ግጥምና ዜማ ግን ከዶሊ እጅ አልወጣም። ስለዚህ ገንዘቡ በሁለት በር ይገባላታል። የመጀመሪያው ሲዲና ካሴት ሲሸጥ ነው። በ1992 በአሜሪካ ሕግ ከ5 ደቂቃ ለማይበልጥ ዘፈን በአንድ ቅጂ የተተመነው ክፍያ 6.25 ሳንቲም ነበር። አንድ ሚሊዮን ቅጂ ሲሸጥ 62,500 ዶላር ይሆናል። ካምፓኒዎች በውል ዝቅ የሚያስደርጉበት ጊዜ ስላለ ስሌቱን እንደ ጣሪያ ይውሰዱት። ሁለተኛው በር ሬዲዮ ነው። በአሜሪካ የኤፍ ኤም ጣቢያ ዘፈን ሲያሰማ የሚከፍለው ለግጥምና ዜማው ባለቤት ነው፤ ለድምፃዊው አይከፍልም። እንግዲህ አንድ ጣቢያ የዊትኒን ቀረጻ በለቀቀ ቁጥር ሒሳቡ የሚሄደው ወደ ዶሊ ነው። ብዙ ሰው ሲሰማው ግፍ ይመስለዋል፣ እኛም ለድምፃዊው ያዝናለን፤ ሕጉ ግን እንዲህ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ሳይሆን ሊቀር ነበር። በ1974 ኤልቪስ ፕሪስሊ ዘፈኑን ሊቀርጸው ፈለገ። ሥራ አስኪያጁ ኮሎኔል ቶም ፓርከር ግን ግማሹ የአሳታሚነት መብት ካልተሰጠን ኤልቪስ አይዘፍነውም አለ። እዚህ ላይ ሒሳቡን እንይ። የግጥምና ዜማ ገቢ በልማድ እኩል ይከፈላል፤ ግማሹ የደራሲው፣ ግማሹ የአሳታሚው። የዶሊ አሳታሚ የራሷ ድርጅት፣ ቬልቬት አፕል፣ ስለነበር ሁለቱም ግማሽ የሚገባው እሷው ቤት ነው። ፓርከር የጠየቀው ከአሳታሚው ድርሻ ግማሹን፣ ማለትም ከጠቅላላው ሩቡን ነው። ከላይ ባለው ስሌት ከየሚሊዮኑ ቅጂ 15,625 ዶላር መሆኑ ነው፤ ያውም በሌላ ሰው አፍ ሲዘፈንም ጭምር። ዶሊ እምቢ አለች። ሌሊቱን ሲያስለቅሳት እንዳደረ በየቃለ ምልልሱ ተናግራለች፤ ኤልቪስን ትወደው ነበርና። ከ18 ዓመት በኋላ ዊትኒ መጣች።

«የኛ አገር ግጥምና ዜማ ደራሲስ?» ለሚሉ፦ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ይህኛው በኛ አቆጣጠር ነው፣ የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይጠብቃል። ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው። «ግጥምና ዜማ ሸጬ ገንዘቤን ተቀበልኩ» የሚል ደረሰኝ ምን እንደተሸጠ አይናገርም። ለየትኛው ድምፃዊ፣ ለአንድ ቀረጻ ነው ወይስ ለሁሉም፣ ሌላ ሰው ደግሞ ቢዘፍነው ድርሻው የማን ነው፣ በኢንተርኔት ሲሰማስ? እነዚህ አራቱ በጽሑፍ ካልሰፈሩ ክርክሩ የሚነሳው ዘፈኑ ሲወደድ ነው፤ ካልተወደደማ ማን ይከራከራል።

ጥያቄ፦ የዶሊን ዘፈን «ጆሊን»ን በጊታር እየተለማመድኩ ነው። ኮርዶቹን ኤ ማይነር፣ ሲ እና ጂ ብዬ ይዣቸዋለሁ። ግን የእሷን አይመስልም። ምን ጎደለኝ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ካፖ (የጊታሩን አንገት ቆንጥጦ ክሮቹን የሚጫነው ማሰሪያ) እና አውራ ጣት። ከሁለቱ አውራ ጣቱ ይብሳል።

ቀረጻው በሲ ሻርፕ ማይነር ነው። ካፖዎን 4ኛው ፍሬት (አንገቱን በየብረቱ ከሚከፍሉት ክፍሎች አራተኛው) ላይ ያስሩና የለመዷቸውን ኮርዶች ይያዙ፤ ኤ ማይነሩ ሲ ሻርፕ ማይነር፣ ሲው ኢ፣ ጂው ደግሞ ቢ ሆነው ይሰማሉ። ካፖው የሚቀመጠው ከፍሬቱ ብረት ጀርባ፣ በጊታሩ ራስ በኩል፣ ብረቱን ሊነካው ጥቂት ሲቀረው ነው። ወደ መሃል ከራቀ ክሩ ዝዝ ይላል፤ ብረቱ ላይ ከወጣ ድምፁ ይታፈናል። ሌላም አለ፤ ካፖ ክሩን ስለሚወጥረው ድምፁ በትንሹ ከፍ ይላል። ስለዚህ ካሰሩ በኋላ እንደገና ይቃኙ። ይህን ሳያደርጉ ከቀረጻው ጋር አብረው ሲጫወቱ የሚሰማዎት «የሆነ ነገር አልገጠመም» የሚለው ስሜት ብዙ ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

አሁን ፒኩን፣ የክር መምቻውን፣ ያስቀምጡት። «ጆሊን» ስድስቱን ክር በአንድ ላይ በመግረፍ አይመጣም። አውራ ጣትዎ ወፍራሞቹን ክሮች እየተፈራረቀ ይመታል፤ በኤ ማይነርና በሲ ላይ 5ኛውን ከዚያ 4ኛውን፣ በጂ ላይ 6ኛውን ከዚያ 4ኛውን። «አንድ እና ሁለት እና ሦስት እና አራት እና» ብለው ይቁጠሩ። አውራ ጣት ቁጥሮቹ ላይ ይወርዳል፤ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ደግሞ 2ኛውንና 1ኛውን ክር «እና» ላይ ይለቅማሉ። ጣቶቹ አንዳንዴ አንዱን «እና» ቢዘሉት ችግር የለውም፣ እንዲያውም ያምራል። አውራ ጣት ግን መቆም የለበትም።

የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ከሲ ወደ ጂ ሲሄዱ የአውራ ጣት መነሻ ከ5ኛው ወደ 6ኛው ክር ይዛወራል፤ የግራ እጅም በዚያው ቅጽበት ኮርድ ይቀይራል። ጀማሪው ግራውን ሲያይ ቀኙ ይቆምበታል። መፍትሔው አሰልቺ ነው፤ ለአንድ ሳምንት፣ በቀን 10 ደቂቃ፣ ሌሎቹን ጣቶች ትተው በአውራ ጣት ብቻ ሦስቱን ኮርድ ያዙሩ። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ በ65 ምት ይጀምሩ። አራት ዙር ሳይሰናከሉ ሲያልፉ 5 ይጨምሩ። ቀረጻው በደቂቃ 110 አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚመስለው ለቀማው በየምቱ መሃል ስለሚገባ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ያለውን ዝግ ያለ «ጆሊን» አግኝተው ከሆነ፣ ያ በደቂቃ 45 ዙር የሚሽከረከረውን ሸክላ በ33 በማጫወት የተሠራ ነው። ፍጥነቱ ወደ 82 ይወርዳል፣ ድምፁም ከአምስት ግማሽ ድምፅ በላይ ይወፍርና ዶሊ ወንድ ትመስላለች። ለቀማውን ጆሮ ለይቶ እንዲሰማው ግሩም ነው። አብረውት ሊጫወቱ ቢሞክሩ ግን 4ኛው ፍሬት አይገጥምም።

ጥያቄ፦ ዶሊ ያን ሁሉ ጥፍር ይዛ ጊታር እንዴት ትይዛለች? ለታይታ ነው የሚሉ አሉ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ትጫወታለች፤ ባንጆና ኦቶሃርፕም ትሞክራለች። ዘዴው ቅኝቱ ላይ ነው። ጊታሩ ምንም ሳይያዝ ኮርድ እንዲሰጥ አድርጋ ትቃኘዋለች፤ ከዚያ ጥፍሩን ክሩ ላይ ማቆም አያስፈልግም፣ አንድ ጣት አጋድሞ መጫን ይበቃል። ክራር የሚመታ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ቅኝቱ ቀድሞ ሥራውን ጨርሶለታልና።

ሊሞክሩት ከፈለጉ ቀላሉ የጂ ቅኝት ነው። 6ኛውን ክር ከኢ ወደ ዲ፣ 5ኛውን ከኤ ወደ ጂ፣ 1ኛውን ከኢ ወደ ዲ ያውርዱ፤ የተቀሩት ሦስቱ እንዳሉ ይቆዩ። ሁሉም መላላት ስለሆነ ክር አይበጠስም። ክፍቱን ሲመቱት ጂ ነው። ጣትዎን 5ኛው ፍሬት ላይ ቢያጋድሙ ሲ፣ 7ኛው ላይ ዲ ያገኛሉ፤ እልፍ የካንትሪ ዘፈን በእነዚህ ሦስቱ ያልቃል። ማይነር ሲመጣ ግን አንድ ጣት አይበቃም።

በነገራችን ላይ በ1980 በወጣው «ናይን ቱ ፋይቭ» ዘፈኗ ውስጥ ጥፍሮቿ እንደ መሣሪያ ገብተዋል። ሰው ሠራሽ ጥፍሮቿን ስታፋትጋቸው የታይፕራይተር ድምፅ ስለሚሰጡ ምቱን የያዘችው በእነሱ ነው።

ጥያቄ፦ ድምፄ ጥሩ ነው ይሉኛል፣ ግን ዘመድ የለኝም፣ ከገጠር ነኝ። ዶሊ ከየት ተነስታ እንዴት ደረሰች? (ከጎንደር)

መልስ፦ የተወለደችው ጃንዋሪ 19፣ 1946፣ በምሥራቅ ቴኔሲ ተራሮች፣ ሴቪየር በሚባል ወረዳ ነው። ከ12 ልጆች አራተኛዋ ናት። አባቷ ላዋለዳት ሐኪም የከፈሉት አንድ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት ነበር። ዘመድ ግን አልጠፋም፤ አጎቷ ቢል ኦወንስ ጊታር ሰጥቷት በየጣቢያው ይዟት ይዞር ነበር። በ10 ዓመቷ ኖክስቪል ውስጥ ካስ ዎከር የሚባል የሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች ባለቤት በሚያዘጋጀው ፕሮግራም ላይ እየተከፈላት መዝፈን ጀመረች። በ13 ዓመቷ ሉዊዚያና ሄዳ ለአንዲት ትንሽ ካምፓኒ ሸክላ ቀረጸች፤ ወሬም አልሆነ። በዚያው ዕድሜ የካንትሪ ትልቁ መድረክ ግራንድ ኦል ኦፕሪ ላይ ወጣች። ይህን ሁሉ አድርጋም ትምህርቷን አልተወችም፤ በ1964 ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ በማግሥቱ ናሽቪል ገባች።

ልብ ይበሉ፣ በሩን የከፈተላት ድምፅዋ አይደለም። ካምፓኒዋ ድምፅሽ ለካንትሪ ይቀጥናል ብሎ ፖፕ ያዘፍናት ነበር፤ አልሆነም። በ1966 ግን ከአጎቷ ጋር የጻፈችውን ዘፈን ቢል ፊሊፕስ ዘፈነውና ተወደደ፤ ከጀርባ የምትሰማው ሁለተኛ ድምፅ የእሷ ነበር። «ይህችማ ካንትሪ መዝፈን ትችላለች» የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። በ1967 ደግሞ የራሷ ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ተወደደ። ስለዚህ የሚጽፉ ከሆነ ሥራዎን ለታወቀ ድምፃዊ መስጠትን እንደ ሽንፈት አይዩት። ከላይ ያልነውን ወረቀት ግን አይርሱ።

ጥያቄ፦ ፖርተር ዋጎነር ባሏ ነበር? ለምንስ ተካሰሱ? (ከደሴ)

መልስ፦ ባሏ አልነበረም። ባሏ አስፋልት በማንጠፍ ሥራ የሚተዳደረው ካርል ዲን ነው። ናሽቪል በገባችበት ዕለት ከአንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ደጅ ተዋወቁ፤ በሜይ 30፣ 1966 ጆርጂያ ውስጥ ተጋቡ፤ በማርች 2025 እስኪሞት አብረው ኖሩ። ካሜራ ስለሚሸሽ ብዙ ሰው መኖሩንም ይጠራጠር ነበር።

ፖርተር የራሱ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ያለው ድምፃዊ ነው። በ1967 ኖርማ ጂን የተባለችው ድምፃዊቱ ስትሄድበት ዶሊን በዓመት 60,000 ዶላር ቀጠራት። መጀመሪያ ላይ ተመልካቹ ኖርማ ጂን ትምጣ እያለ ይጮህባት ነበር። አምስት ዓመት እሠራለሁ ብላ ሰባት ዓመት ቆየች። ትልልቅ ዘፈኖቿ የተጻፉት ያኔ ነው፤ እናቷ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ስለሰፉላት ካፖርት የሚናገረውን ዘፈን በ1969 የጉዞ አውቶቡስ ውስጥ የጻፈችው ወረቀት አጥታ፣ የፖርተር ልብስ በታጠበበት የላውንደሪ ደረሰኝ ላይ ነው።

ልሂድ ስትል አልሰማ አላት። እሷም በቃል ስላልሆነላት በዜማ ነገረችው፤ በመጀመሪያው ጥያቄ ያነሳነው ዘፈን ለእሱ የተጻፈ መሰናበቻ ነው፤ ለፍቅረኛ አይደለም። ሰርግ ላይ የሚያዘፍኑት ሰዎች ይህን ቢያውቁ ምን ይሉ ይሆን! በ1974 ተለያዩ። በ1979 ፖርተር በውል የሚገባኝን አላገኘሁም ብሎ በ3 ሚሊዮን ዶላር ከሰሳት፤ ከፍርድ ቤት ውጪ ጨረሱት። በ2007 ከመሞቱ በፊት ታርቀዋል።

ጥያቄ፦ ከኬኒ ሮጀርስ ጋርስ? ደግሞ በጉ በስሟ ነው የተሰየመው እውነት ነው? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ከድምፃዊው ከኬኒ ጋር ወዳጆች ነበሩ፣ ከዚያ አላለፈም። በ1983 አብረው የዘፈኑትን «አይላንድስ ኢን ዘ ስትሪም» የጻፉት ደግሞ የቢ ጂስ ወንድማማቾች ናቸው። በጉስ እውነት ነው፤ በትክክል ሴት በግ ነች። በ1996 ስኮትላንድ ውስጥ ከአንዲት በግ የጡት ሕዋስ ተባዝታ (ክሎን ተደርጋ) ተወለደች፤ ስሟም ዶሊ ተባለ። የዶሊ ደረት ስመ ጥር ነውና፣ ስሙን ያወጡት ሳይንቲስቶች ቀልዱ የገባቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ ናሽቪል ነው የምኖረው። እንግዳ ሲመጣብኝ የዶሊን ነገር የት ላሳይ? (ከናሽቪል)

መልስ፦ ከተማው ውስጥ አርሲኤ ስቱዲዮ ቢ አለልዎት፤ «ጆሊን»ም መሰናበቻውም የተቀረጹት እዚያ ነው። ስቱዲዮው በር ላይ ቲኬት አይሸጥም። የሚገዛው መሃል ከተማ ካለው የካንትሪ ሙዚቃ ሙዚየም ነው፤ ከዚያ በአውቶቡስ ይወስዷችኋል። የአስጎብኚዎቹን ወሬ የሚወድ እንግዳ ከሆነ ዶሊ በ1967 ረፍዶባት ስትከንፍ ግድግዳውን በመኪና የገጨችበትን ቦታ ያሳዩታል።

ዶሊዉድ የተባለው መዝናኛዋ ግን ፒጅን ፎርጅ ነው፤ በመኪና አራት ሰዓት ያህል ወደ ምሥራቅ። ያደገችበት የሁለት ክፍል ጎጆ አምሳያ እዚያ አለ። ሁለት ነገር ሰው ያሳስታል። አንደኛ፣ ፒጅን ፎርጅ ከናሽቪል በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስታችሁ 4 ሰዓት እንደርሳለን ስትሉ እዚያ 5 ሆኖ ይጠብቃችኋል። ሁለተኛ፣ ከጃንዋሪ መጀመሪያ ጀምሮ እስከ ማርች ዝግ ስለሚሆን በኛ ገናና በጥምቀት ሰሞን ለመጣ እንግዳ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ለልጆች በነፃ መጽሐፍ ትልካለች የሚባለው እውነት ነው? ለስደተኛም ይሰጣል? የሦስት ዓመት ልጅና የሰባት ወር ሕፃን አሉኝ። (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እውነት ነው እናታችን። ዶሊ ፕሮግራሙን የጀመረችው በ1995 በትውልድ ወረዳዋ ነው፤ ማንበብና መጻፍ ላልቻሉት አባቷ ስትል። እስካሁን ከ200 ሚሊዮን በላይ መጽሐፍ ተልኳል። ከልደት እስከ አምስተኛ ዓመት ልደቱ ድረስ ለእያንዳንዱ ልጅ በየወሩ አንድ መጽሐፍ በስሙ በፖስታ ይመጣል። የወላጅ ገቢ አይጠየቅም።

የሚወስነው አድራሻዎ ነው። ወጪውን የሚጋራ የአካባቢ ድርጅት ያለበት ቦታ ብቻ ስለሚሠራ፣ መጀመሪያ ድረ ገጹ ላይ ዚፕ ኮድዎን ያስገቡ። ሜሪላንድ ውስጥ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖሩ ግን በከተማው ቤተ መጻሕፍት በኩል ይመዘገባሉ፤ ቴኔሲም መላው ግዛት የተሸፈነ ነው። ሁለቱን ልጆች ለየብቻ ያስመዝግቡ፤ አንዱን አስመዝግበው ሌላውም ይመጣለታል ብለው የሚጠብቁ አሉ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ሁለት ወር ወይም ከዚያ በላይ ሊቆይ ስለሚችል አልመጣም ብለው ደግመው አይመዝገቡ። ቤት ሲቀይሩ አድራሻውን ወዲያው ያስተካክሉ፤ በመሃል ያለፈው ወር መጽሐፍ ተመልሶ አይላክም። መጻሕፍቱ የእንግሊዝኛ ናቸው፤ ጥቂቶቹ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ አብረው ይዘዋል። የአማርኛውን ከእናንተ ነው የሚሰሙት። ትልቁ ልጅዎ ቢበዛ ሁለት ዓመት ቀርቶታልና ዛሬውኑ ይመዝግቡት።